አራት እኩል ላይ የቆመ ጨዋታ

ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሐዋሳ ላይ በተካሄደው የፕሮፌሽናል ሜዳ ቴኒስ ውድድር የሴቶች ነጠላ ግማሽ ፍጻሜ በሦስተኛውና በመጨረሻው ዙር አራት ጌም ለአራት ላይ ቆመ። የመጀመሪያውን ዙር ከናይሮቢ የመጣችው ናሊያካ ወስዳ ነበር፤ ሁለተኛውን ደግሞ ታናሽ እኅቴ ሩሐማ ታምሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጌም በተከታታይ ያሸነፈች ለፍጻሜ ታልፍ ነበር። ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ አላለቀም። ከእንግዲህም አያልቅም። ሩሐማ የካቲት 14 ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ፣ የተሳፈረችበትን ባጃጅ ከታቦር ተራራ ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጨው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር።

አዘጋጅ ኮሚቴው ባሳተመው ዘገባ ግን ጨዋታው አልቋል። «ተጋጣሚዋ አቋርጣ በመውጣቷ ናሊያካ ለፍጻሜ አልፋለች» ይላል። ሥራዬ በዩኒቨርሲቲ ሰነድ መጠበቅ ነው፤ ብዙ የተሳሳተ ሰነድ በእጄ አልፏል። እንደዚህ አጭር ሆኖ እንደዚህ የዋሸ ግን አላየሁም። እኅቴ የጀመረችውን አቋርጣ አታውቅም። እሷን ያቋረጧት ሌሎች ናቸው፤ እንዴት እንዳቋረጧት እጽፋለሁ።

አባታችን ታምሩ ከዱራሜ ወደ ሐዋሳ የመጣው በወጣትነቱ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አትክልተኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ኋላ የሆቴሉን ሁለት የቴኒስ ሜዳዎች እንዲጠብቅ ተሰጠው። ሜዳዎቹ የቀይ አፈር ናቸው። የቀይ አፈር ሜዳ እንደ ሲሚንቶ ሠርተው የሚተዉት ነገር አይደለም። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፣ ይረጫል፣ ውኃ ይጠጣል፣ በብረት ሮለር ይዳመጣል፣ ያድራል፤ ጠዋት መስመሩ በኖራ ይሰመራል። አንድ ቀን ከተዘለለ ይሰነጠቃል። አባታችን ይህን ሥራ ሲሠራ እኛ ሁለታችን በሜዳው አጥር ሥር አደግን። እኔ መጽሐፍ ይዤ እቀመጥ ነበር። ሩሐማ መቀመጥ አትችልም፤ ኳስ ታቀብላለች፣ ሮለሩ ላይ ትንጠለጠላለች፣ መስመሩን ትረግጥና ትቆጣለች።

አንድ እንግዳ ጅማቱ የላላ ራኬት ትቶላት ሄደ። በእሱ ከግድግዳ ጋር ስትጫወት ቆየችና፣ ውሎ አድሮ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጓደኛ ሲቀርባቸው «እስቲ አንቺ ነይ» ይሏት ጀመር። እየቆየ ማንም ሰው በፈቃዱ አይጠራትም ነበር፤ ታሸንፋቸዋለችና። ከአባታችን ጋር እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይጫወታሉ። ሲሸነፍ ነፋሱን ከሐይቁ በኩል ነው የመጣው ብሎ ይከሳል። እሷ ደግሞ «አባዬ፣ ጉልበትህን ለሮለሩ ቆጥብ» ትለዋለች።

ትምህርቷን ስትጨርስ ፒያሳ ባለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ሥራዋን አልጠላችውም። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስታባዛ ገጹ የተዛባ ካየች ሳትነግራቸው አታልፍም። ጠዋት ከሥራ በፊት ከአባታችን ጋር ሜዳውን ታሰናዳለች፣ ትጫወታለች፣ በሆቴሉ ቧንቧ ፊቷን ታጥባ ወደ ፒያሳ ትወርዳለች። ሕይወቷ ይኸው ነበር። አልጠበባትም።

ውድድሩ እዚያው በእነሱ ሜዳ ላይ እንደሚካሄድ ሲሰማ፣ ኮሚቴው ለከተማዋ ሴቶች አንድ ቦታ ሰጠና ቦታውን የምትይዘው በማጣሪያ እንድትለይ አደረገ። ሩሐማ አሸነፈች። ከውጭ ይመጣሉ ከተባሉት ተጫዋቾች ግማሾቹ ሳይመጡ ቀርተው የሴቶቹ ቁጥር ስምንት ሆነ። የመጀመሪያ ጨዋታዋን ዓርብ ዕለት አሸንፋ ለግማሽ ፍጻሜ አለፈች። በዚያ ጨዋታ የሳቅነውን ሳቅ እስካሁን አስታውሰዋለሁ። በእነሱ ልማድ ተጫዋች የሚጠራው በቤተሰብ ስም ነውና፣ ዳኛው ከፍ ካለው ወንበር ላይ ሆኖ «ጌም፣ ታምሩ» ይላል። አባታችን የውኃ ጎማውን ይዞ አጥሩ ጋ ቆሟል። ስሙ በድምፅ ማጉያ በተጠራ ቁጥር ቀና እያለ ኮቱን ያስተካክላል። ማታ ቤት ስንገባ ሩሐማ አባታችንን «ዛሬ በደንብ ተጫውተሃል» አለችው።

እሱም መለሰላት፤ «የተበላሹት ኳሶች ግን ያንቺ ናቸው።»

ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ነበር። አንባቢ የተሳሳትኩ እንዳይመስለው እደግመዋለሁ፤ ረቡዕ ተጀምሮ እሑድ የሚያልቀው ውድድር በይፋ የተከፈተው ቅዳሜ ነው። ለክብር እንግዳው ከዚያ ቀደም ያሉት ቀናት አልተመቿቸውም። ግማሹ ተወዳዳሪ ተሸንፎ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ መክፈቻው ግን መቅረት የለበትም።

ፊት ለፊት ባለው፣ መቀመጫ ባለው ሜዳ ላይ ወንዶች ይጫወታሉ። ሴቶቹ ከኋላ ባለው ሁለተኛው ሜዳ ላይ ናቸው። እዚያ መቀመጫ የለም፤ ተመልካቹ አጥሩን ተደግፎ ነው የሚያየው። ቢሆንም ብዙ ሰው ነበረ፤ የፒያሳ ልጆች፣ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን፣ ራኬት ይዘው የተሸነፉላት መምህራን። ሩሐማ የመጀመሪያውን ዙር ስትሸነፍ አልደነገጠችም። ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛው ላይ ናሊያካ አራት ለሁለት መራች። ሩሐማ ሁለት ጌም በተከታታይ አሸንፋ አራት እኩል አደረገችው። ናሊያካ ወገቧን ይዛ ወደ አጥሩ ሰው ዞረችና በእጇ ምልክት «ይህችን ከየት አመጣችኋት?» አለች። ሰዉ ሳቀ።

ያን ጊዜ እንግዳው መጡ።

የኮሚቴው አስተባባሪ አቶ ፊልሞን ወደ ሁለተኛው ሜዳ ገብተው ዳኛውን አነጋገሩ። ለአሥር ደቂቃ ያህል እንዲቆም፣ ንግግር ስለሚደረግ ጫጫታ እንዳይኖር ጠየቁ። ዳኛው ተስማማ። የወንዶቹ ጨዋታ ግን አልቆመም። እንግዳው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ነጥብ አዩት፤ አጨበጨቡ። «በመገባደድ ላይ ስለ ነበር» ተባልን። አራት እኩል የደረሰ የመጨረሻ ዙር በመገባደድ ላይ ካልሆነ ምን ላይ ነው?

ሁለቱ ሴቶች ፎጣ ለብሰው አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ንግግሩ በዛ። ፀሐዩ ዞረና ለእንግዶች የተተከለውን ድንኳን በጎን ገባበት። አቶ ፊልሞን ድንኳኑ እንዲዛወር አዘዙ። ወዴት? ባዶ ወደ ሆነው ሜዳ። ባዶ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

ድንኳን ተካዮቹን አልወቅሳቸውም። ሥራቸው ለቅሶ ቤትና ሠርግ ቤት ነው፤ መሬት ካዩ ካስማ ይመታሉ። የብረት ካስማዎቹን በቀይ አፈሩ ላይ፣ ከኖራው መስመር ውስጥ፣ በመዶሻ መቱ። የሜዳው መረብ መንገድ ስለ ዘጋባቸው ፈቱት። አንደኛው ገመድ ሲያጥርባቸው ከመረቡ ላይ ቆርጠው የድንኳኑን ምሰሶ አሰሩበት። አባታችን እየጮኸ መጣ። ዕድሜ ልኩን ጮኾ አያውቅም። አቶ ፊልሞን ትከሻውን ይዘው «ጋሽ ታምሩ፣ ለእንግዳ ነው እኮ። እንግዳ አናሳፍርም» አሉት። አባታችን እንግዳን የሚመለከት ነገር ሲነገረው ዝም የሚል ሰው ነው፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ።

በዚያ ድንኳን ሥር፣ ጨዋታው በቆመበት ቦታ ላይ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ኬክ ተበላ። ሩሐማና ናሊያካ ራኬታቸውን ይዘው እስኪመሽ ጠበቁ። ሜዳው መብራት የለውም። ቀሪው ለእሑድ ጠዋት ተዛወረ።

እሑድ ገና ሳይነጋ አባታችንና ሩሐማ ሜዳው ላይ ነበሩ። ካስማዎቹን ነቀሉ። ጉድጓዶቹን በተነፋ አፈር ሞሉ፣ ውኃ አጠጡ፣ ሮለሩን ጎተቱ። መረቡን በሽቦ አያይዘው አቆሙት። ሩሐማ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ እንዲሰጣቸው ጠየቀች፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ማንም አይጫወትበትም ነበር። የወንዶች ፍጻሜ ስለሚደረግበት እንዳይነካ ተከለከለ። ስለዚህ ሴቶቹ ካስማ በተመታበት ይጫወታሉ፣ ወንዶቹ ባልተነካው።

ከውጭ የመጡት ዋና ዳኛ ሜዳውን ዞረው አዩ። በእግራቸው ጫኑት። ጥርጣሬ ስለ ገባቸው ጠባቂው እንዲጠየቅ ፈለጉ። አባታችን እንግሊዝኛ አይችልም፤ አስተርጓሚው አቶ ፊልሞን ሆኑ። ሩሐማ ጫማ ለመቀየር ገብታ ነበር። አባታችን ያለውን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤

«ያላደረ አፈር እግር አይችልም። ነገ ይሁን።»

አቶ ፊልሞን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለዳኛው አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ዳኛው ራሳቸውን ነቅንቀው ጨዋታው ይቀጥል አሉ። አጥሩ ጋ ስለ ነበርኩ ምን ብለው እንደ ተረጐሙ አልሰማሁም። ኋላ የነገረችን አጠገባቸው የነበረችው ናሊያካ ናት። «ጠባቂው፣ ሜዳው ዝግጁ ነው ይላል» ነው ያሉት። ሠላሳ ዓመት ያን አፈር የጠበቀ ሰው ስለ አፈሩ ተጠይቆ መለሰ፤ መልሱን አፉ ላይ እያለ ለወጡበት። ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ድንኳኑ ካለማወቅ ነው ሊባል ይችላል። ይህ ካለማወቅ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ስለ ነበር አጥሩ ጋ ጥቂት ሰው ብቻ ቆሟል። ሰርቩ፣ ማለት ኳስ የመጀመሩ ተራ፣ የናሊያካ ነበር። የመጀመሪያውን ነጥብ ሩሐማ ወሰደች። በሁለተኛው ኳሱ ወደ ቀኝ ጥግ ሰፋ፤ ሮጠች፣ ደረሰችበት፣ መታችውም። ኳሱ ከመስመሩ ውስጥ አረፈ። የእሷ ተረከዝ ግን የካስማው ጉድጓድ ላይ ነበር። አፈሩ ከሥሯ ገባ፣ ጉልበቷ ዞረ፣ ወደቀች። ነጥቡ የእሷ ነበር፤ ለመቀጠል ግን መቆም ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው ናሊያካ መረቡን ዞራ መጥታ ያዘቻትና መሬቱ ላይ አብራት ተቀመጠች።

ሆስፒታል ጅማቷ እንደ ተወጠረ እንጂ እንዳልተበጠሰ ነገሩን። ዕረፍት አዘዙላት። ናሊያካ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፍጻሜውን ተጫውታ ተሸነፈች፤ ከመሄዷ በፊት ቤታችን መጣች። ብዙ አላወራችም። በጉድጓድ ምክንያት ለፍጻሜ ማለፏን እንደ ድል እንደማትቆጥረው፣ ሩሐማ ስትድን ተመልሳ መጥታ ከዚያው ከአራት እኩል እንደሚጨርሱት ተናገረች። ሩሐማ ሳቀች። የምር መስሎ አልታያትም። ነገር ግን ከሳምንታት በኋላ ናሊያካ ደውላ ቀን ስጪኝ አለቻት።

ዘገባው በዚያ መሐል ታተመ። የፊቱ ገጽ ላይ ውድድሩ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል አለ፤ ከሥሩ እንግዳው በድንኳኑ ሥር ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ። ሩሐማ ዘገባውን ያየችው ሥራ ቦታዋ ነው። ኮሚቴው ቅጂ ሊያስባዛ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤታቸው ልኮ ኖሮ፣ «አቋርጣ በመውጣቷ» የሚለውን በገዛ እጇ አባዛችው። ገጹን አላዛባችውም። ቅጂዎቹን አስተካክላ አሰረችና፣ ማታ ከሥራ ስትወጣ እያነከሰች አቶ ፊልሞን ቢሮ ሄደች። አብሬያት ነበርኩ።

የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሳ አልጠየቀችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም። ጨዋታው በአራት እኩል ላይ መቋረጡ፣ ሜዳው መጎዳቱ እንዲጻፍ ነው። አቶ ፊልሞን ወንበር ሰጧት፤ ሰው ማስተናገድ ያውቃሉ።

«እኅቴ፣ ስፖርት ነው፤ ያጋጥማል» አሉ። «እንግዳው እኮ በጣም ነው ደስ ያላቸው።»

ሩሐማ የታሰረ ጉልበቷን ዘርግታ አየቻቸው። «እንግዳው ስንት ጌም ተጫወቱ?»

ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት እንደሚወሰድበት ነገሩን። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ለሁለቱም መልስ አልመጣም። ትምህርት ከተወሰደ ማን እንደ ወሰደው አላውቅም።

ሩሐማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዘገባው አላወራችም። «እነሱ ባይጨርሱት እኛ እንጨርሰዋለን» አለች። ለናሊያካ የካቲት 22 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ብላ ቀን ሰጠቻት። እንቅስቃሴዋን እየጨመረች ሄደች። መጀመሪያ በታቦር ዳገት ወጥታ መውረድ፣ ከዚያ ከግድግዳው ጋር፣ ከዚያ ከአባታችን ጋር። አባታችን ኳስ ወደ ጥግ አይሰድላትም ነበር። አወቀችበትና ተቆጣች፤ «አባዬ፣ ናሊያካ እንዳንተ አታዝንልኝም» አለችው። በማግስቱ ወደ ጥግ ላከላት፤ ደረሰችበት።

የቀረው መረቡ ነበር። ሆቴሉ አዲስ እስኪገዛ ድረስ በሽቦ የተያያዘው ይበቃል አለ። ሽቦ ያለበት መረብ ኳስ ይቀድዳል፤ ልክም አይወጠርም። ሩሐማ ፈታችውና ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወዳሉት ዓሣ አጥማጆች ወሰደችው። ሙሐመድ የሚባል በዕድሜ የገፋ አጥማጅ አለ፤ የሰው ሁሉ መረብ እሱ ጋ ነው የሚጠገነው። ዘርግቶ ከዳር እስከ ዳር አየው።

«ልጄ፣ በዚህ ምን ዓይነት ዓሣ ነው የሚያዘው?» አላት።

«ሰነፍ ኳስ ነው የሚያዝበት፣ አባባ።»

«ማነው እንዲህ የቆረጠው? የተጠላ ሰው መረብ እንኳ እንዲህ አይቆረጥም» አለና ለሐሙስ ቀጠራት።

ናሊያካ በቀኗ መጥታለች። ቲኬቷን ቀደም ብላ ቆርጣ ነበር፤ ሞቷን ሰምታም አልሰረዘችውም። የራኬት ቦርሳዋን ይዛ ለቅሶ ቤታችን ገባች፤ ቦርሳውን ሳትከፍት ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ከመመለሷ በፊት ኮሚቴው ዘንድ ሄዳ «እኔ አላሸነፍኳትም፤ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ» አለቻቸው። እስከ አሁን አልጻፉም። ስለዚህ እዚህ ተጽፏል።

ሩሐማ በሞቷ ዋዜማ፣ ሐሙስ የካቲት 13 ቀን፣ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ አሞራ ገደል ወረደች። ሙሐመድ ጨርሶ ጠብቋት ነበር። የተቆረጠውን በአጥማጅ ቋጠሮ ሞልቶታል፤ የመረቡ ዓይን በዚያ ቦታ ከሌላው ትንሽ ጠበብ ያለ ነው፣ ግን ጠንካራ። አመስግናው መረቡን ጠቅልላ በባጃጅ ጫነችው። ጫፉ በግራም በቀኝም ወጥቶ እየተንጠለጠለ ሆቴሉ ደረሱ። ባለ ባጃጁ እንዳይጎተት ቀስ ብሎ ነው የነዳው። አባታችን ሜዳውን እያጠጣ ነበር። ጎማውን ጥሎ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እሷ ሌላውን፤ ምሰሶዎቹ ላይ አሰሩት። አባታችን መወጠሪያውን እያዞረ ሳለ እሷ መሐሉ ላይ ተንበረከከች። ራኬቷን ቀጥ አድርጋ አቆመች፣ የሁለተኛውን ራኬት ራስ በእሱ ላይ አጋደመችና የመረቡን ከፍታ ለካች። «ትንሽ ላላ አድርገው» አለችው። አላላ። «አሁን ልክ ነው።» ተነሥታ የጉልበቷን አፈር አራገፈች፣ በቧንቧው እጇን ታጠበች፣ ሁለቱን ራኬቶች ይዛ ከአባታችን ጋር ወደ ቤት መጣች።